ለሥላሴ የተሳልኳት መኪና

ጥቅምት 24

ከሆስፒታል ወጣን። ባሌ ተስፋሚካኤል ትከሻዬን ተደግፎ በገዛ እግሩ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ «ሳንባ ምቹ ለቆታል፤ ዋናው ብርድ እንዳይመታው ነው» ብሎ አሰናበተን። በጥቅምት፣ ደብረ ብርሃን ላይ! ሐኪሙ ልጅ ያገር ሰው አልመሰለኝም።

ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ መጀመሪያ የጠየቀኝ «መኪናዋን ሸፍነሻታል?» ብሎ ነው። ሸፍኛታለሁ አልኩት። ሌላ ምንም ሳይል ተኛ። እኔም እዚህ ላይ ላብቃ፣ ዓይኔ አልገለጥ ብሏል።

ጥቅምት 25

ትናንት ያለፍኩትን ዛሬ ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ኦክስጅን የሰኩለት ቀን ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት መሆኔን አላወቁም። የዛሬን ካለፈ ነው ይባባላሉ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁና «ሥላሴ፣ ባሌን አትርፉልኝ እንጂ መኪናዋን ለደጃችሁ አስገባለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አልታየች የምትባለው ጎረቤቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፤ «አሜን!» አለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስለቴ የሥላሴ ብቻ ሳይሆን የአልታየችም ሆኗል።

ጥር ሰባት የሥላሴ ንግሥ ነው። ስለት የሚገባው ያን ዕለት ነው፤ ሕዝቡ ፊት ይጫረታል፣ የወጣው ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያኑ ይውላል። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ በግ ይሳላል። መኪና የተሳለ ሰው አላውቅም። ያውም የባሏን፣ ያውም እሱ ራሱን ስቶ በተኛበት። ግን በዚያ ሰዓት ከቤታችን ውድ የሆነ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ግቢውን ስለያዘችብኝ አይደለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ጥቅምት 29

ልጃችን ሮዳስ ከአዲስ አበባ ደወለች። መንገዱ ሲረጋጋ መጥቼ አባዬን አየዋለሁ አለች። ከዚያ «እማ፣ ራቁቷ አሁንም ግቢውን ይዛለች?» ብላ ሳቀች።

ራቁቷ ያሏት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ኮፈን ስለሌላት ሞተሯ ለፀሐይ ተሰጥቶ ነው። ፓራፋንጎም የላትም፤ ጎማዎቿ ወደ ውጭ ፈጠው ወጥተዋል። ላሜራዋ የአሮጌ ፊያት ነው፣ ሻንሲዋ አንኮበር ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ የቀረ ላንድሮቨር ነው፣ ሞተሯ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ጣሪያዋን በመጋዝ ቆርጦ፣ ዝቅ አድርጎ፣ መልሶ በይዶታል። ተስፋሚካኤል ጋራዥ በሠራበት ዘመን ሁሉ ቀን የሰው መኪና ሲጠግን ይውልና ሲመለስ ወደሷ ይሄዳል። ስንጋባ ነበረች። ሮዳስን ስወልድ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ ተነሥታ አታውቅም። የልብስ ማስጫ ገመዴን በሷ ምክንያት ከጥግ ጥግ ሳዛውር ኖሬያለሁ።

የቆመችበት ቦታ ጥሩ ፀሐይ ያገኛል። ጎመን ቢተከልበት ይይዝ ነበር። ይህን ያልኩት እንዲያው ነው።

«አለች» አልኳት ለሮዳስ።

ኅዳር 2

ዛሬ «መጽሔቶቹን አምጪልኝ» አለኝ። ከሕመሙ በኋላ ዓይኑ ደቃቅ ጽሑፍ አልይዝ ብሎታል፤ ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ሆኛለሁ።

የአሜሪካ የመኪና መጽሔቶች ናቸው። ልጅ ሳለ ያስተማረው የሰላም ጓድ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ከነሳጥናቸው ትቶለት ሄደ። ራቁቷንም የሠራት እነሱን እያየ ነው፤ በዚያ አገር አሮጌ መኪና ቆራርጦ ፈጣን የሚያደርግ ወጣት ሞልቶ ነበር ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያየው ፎቶውን ነው። ተስፋሚካኤል የሚወደው ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች፣ ተራው ሰው መኪናውን የሚሸጥበትን ደቃቅ ማስታወቂያ ነው። መዘዞ ከተማ፣ አባቴ ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሌላው ወንድ የፍቅር ደብዳቤ በሚያመጣበት ዕድሜ እሱ ማስታወቂያ አምጥቶ «ይህቺን ቃል ተርጉሚልኝ» ይለኝ ነበር። እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን ሰምቶ ነው ያገባኝ ብዬ ዛሬም እጠረጥራለሁ።

ዛሬ ያነበብኩለት እነዚህን ነው።

«የሚሸጥ። የ1932 ፎርድ። ጣሪያው የተቆረጠ። ሞተር የለውም፣ የቀረው ሁሉ አለ። ላገባ ስለሆነ።»

«የ1940 መርኩሪ። ጥቁር። በደንብ ይነሣል። ለውትድርና ተጠርቻለሁ። እናቴን አነጋግሩ፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው።»

«የ1929 የጭነት መኪና፣ በግማሽ የተሠራ። በጀልባ ሞተር እለውጣለሁ። ከሥራ መልስ ደውሉ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «የጥቁሩ መኪና ልጅ ከጦርነቱ ተመልሶ ይሆን?» ይላል። የሚያወራላቸው እንደ አክስቱ ልጆች ነው።

«አሁን እንዲህ ብሎ የሚሸጥ የለም» አለኝ። «ስልክ ላይ ፎቶ ይለጥፉና ‹ዋጋ በውስጥ መስመር› ይላሉ፣ አለቀ። እነዚህ ዕቃውን ሲሸጡልሽ ኑሯቸውንም አብረው ይነግሩሻል።»

ሮዳስ ሳትወለድ፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ቴሌ ድረስ ሄዶ ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ላይ ወዳለው ቁጥር አስደውሎ ነበር፤ መጽሔቱ ከወጣ ብዙ ዘመን አልፎት። ሴት አነሣች። «መኪናው አለ ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «መኪናው አለ። ባለቤቱ ነው የሌለው» አለችው። እሱም በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ዘጋ። ለክረምት ልገዛ ያሰብኩት ካፖርት በዚያች ስልክ ቀረ። ያኔ ኩርፊያዬ ሌላ ነበር። ዛሬ ሳስበው ምነው የሴትዮዋን ድምፅ በሰማሁ ኖሮ እላለሁ።

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እንቅልፍ ወሰደው።

ኅዳር 12

ለሚካኤል ቀን ተነሣ። ጋቢውን ተከናንቦ ግቢ ወጣና ሸራውን ገፈፋት።

«እስከ ጥምቀት አስነሣታለሁ» አለኝ። «ነዳጅ ለምን እንደማይደርሳት የገባኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። በሐሳቤ ፈታትቼ መልሼ ገጠምኳት። ሰው በምን ይድናል መሰለሽ፣ ደሜ? እኔ እሷን እያሰብኩ ነው የዳንኩት።»

ሥላሴም እሷን አስበው ነው ያዳኑህ ልለው ምንም አልቀረኝ።

አልታየች በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «ለንግሡ እያሳመራት ነው?» አለችኝ። ቀስ በይ አልኳት። «አልነገርሽውም? አንቺ ሴትዮ፣ ጤናም የለሽ!» ብላ አማተበች።

ኅዳር 17

ጾም ገብቷል። ውርጭ። ጠዋት ቧንቧው በረዶ ይዞ ውሃ አይወርድም። ጋቢውን ጥሎ ከሞተሩ ሥር ተኝቶ አገኘሁት፤ ጮኽኩበት። አልነገርኩትም።

ኅዳር 21

ለጽዮን ስሄድ የንስሐ አባቴን ቄስ ወልደተንሣኤን ቅጽሩ ጥግ ይዤ ጠየቅኋቸው።

«መኪናዋ ያንቺ ነች?»

«የባሌ ነች፣ አባቴ። ባልና ሚስት አንድ አካል አይደለንም?»

«አንድ አካል መሆናችሁ ትዝ ያለሽ ስትሰጪ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ስሚ ልጄ፣ የሰው ዕቃ ስለት አይሆንም። ንገሪው። እሺ ካለ ይገባል። እንቢ ካለ በሌላ እለውጥልሻለሁ፤ መጋረጃም ይሁን ምንጣፍ።»

«ሳልነግረው አይለወጥልኝም?»

«የፈራሽው ሥላሴን ነው እሱን?»

መስቀል ተሳልሜ መጣሁ። መንገድ ላይ ግን መልሱ መጣልኝ፤ እሱን ነው። ሥላሴ ይቅር ይሉኛል።

መጋረጃ ማለት ቀላል መስሎኝ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር። ቤት ስደርስ ሳል ሰማሁ፣ ነገሩ ተገለበጠብኝ። በመጋረጃ ለውጬው ሕመሙ ቢመለስበትስ? ሰውየውን በመኪና አስጥዬ በመጋረጃ ልወጣው?

ታኅሣሥ 3

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር ያደርኩት። ሳህን ይዤ ወጣሁ።

«ነይ፣ ነይ፣ እዪ» ብሎ እጄን ጎተተኝ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር አልብሶታል። የእኔን የሱፍ ብርድ ልብስ ነው፤ አሮጌውን፣ ያን የደብረ ብርሃኑን። ሳይነግረኝ ቆርጦ ራሱ በወስፌ ሰፍቶታል።

«ይሄ ያንቺ ነው። ለጥምቀት አንኮበር ወጣ እንላለን። መድረሱን እንኳ እንደርሳለን፤ መመለሱን እንጃ።»

ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ፤ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ብርድ ልብሴን ስለቆረጠብኝ ተቆጣሁ። ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው የተቆጣሁት። ከዚያ ማጀት ገብቼ ያለ ሽንኩርት አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 7

ልብስ አጥቤ ተመልሼ መጽሔቶቹን አነሣሁ። እሱ ሳይጠይቀኝ፣ ብቻዬን። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። የስልክ ቁጥሮቹ አጫጭር ናቸው። «ሚስቴ ወይ እኔ ወይ እሱ አለችኝ» የሚል አንድ አገኘሁ። በሌላኛው ገጽ ደግሞ «አባቴ የጀመረው ነው፣ እኔ አልቻልኩበትም» የሚል። ሰው ደስ ብሎት የሸጠበት አንድ ማስታወቂያ ፈልጌ አጣሁ። ቂጣው አረረብኝ።

ታኅሣሥ 10

አልታየች ማኅበር ላይ ተናግራለች። ሴቶቹ «እንዴት ያለ ስለት ነው፣ ተባረኪ» እያሉ ጉንጬን ሳሙኝ። አንዷ ብቻ «ራቁቷን ነው ለሥላሴ?» ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሁሉም አውቋል። የማያውቀው ሞተሩ ላይ የተደፋው ሰውዬ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 18

ትኩሳት። ሳሉ ተመለሰ። ሐኪም ቤት፣ መርፌ፣ ቤት። እኔ ነኝ ያመጣሁበት። እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 19

ሰፈሩ በሙሉ ገብርኤል ሄዶ ጭር ብሏል። አመሻሹ ላይ ግንባሩን በውሃ እያበስኩ ነገርኩት።

«መኪናዋን ተስያታለሁ።»

«ምን?»

«ለሥላሴ። ኦክስጅን ላይ ሳለህ። እንድትድንልኝ።»

ጣሪያውን ነበር የሚያየው። «መቼ?» አለ።

«ጥር ሰባት ነው የምትገባው።»

«እሱን አይደለም። የተሳልሽው መቼ ነበር? ያን ያህል ከፍቶብኝ ነበር?»

«ከፍቶብህ ነበር» አልኩት። «ቄስ ወልደተንሣኤ እንቢ ካልክ ይለወጣል ብለዋል። በመጋረጃ።»

ራሱን ነቀነቀ። እሺም እንቢም አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ጨርቁን እየነከርኩ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 21

ትኩሳቱ ወረደ። ከመርፌው ይሁን ከመናገሬ አላውቅም። አላናገረኝም። ሾርባውን ጠጥቶ ሳህኑን ራሱ አጠበ። በትዳራችን ሳህን አጥቦ አያውቅም፤ ከኩርፊያው ይልቅ ይሄ አስፈራኝ።

ታኅሣሥ 25

ተመልሶ ሞተሩ ላይ ነው። ሻይ አስቀምጬለት እመለሳለሁ፤ ዝም። መልሱ እንቢ ነው ማለት ነው። ሊሰጣት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይደክምባትም ነበር።

እንቢ ቢልም አልፈርድበትም። ሌላ ሰው የኔን ዕቃ ቢሳልብኝ ሰፈር አደበላልቅ ነበር።

የገረመኝ ራሴ ነኝ። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ከሁሉ በፊት የሷ ስም አፌ ላይ የመጣው እሱ ስለሚወዳት ነው ወይስ እኔ ስለምጠላት? ሌላውን ሰው ማታለል ይቻላል፤ ይህን የሚያነብ ግን ከእኔ ሌላ የለም። አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል። ደክሞኛል። መጋረጃ ቤት ሄጄ ዋጋ ጠይቄ መጣሁ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮውን እየገነጠልኩ ሳለ ግቢው አጓራ። ወጥቼ ሮጥኩ። ሞተሯ ተነሥቷል! መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጭሱ ግቢውን ሞልቶታል፣ የጎረቤት ውሾች አብደዋል። አልታየች ከነማማሰያዋ መጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ተስፋሚካኤል መሪውን ይዞ ተቀምጦ ይስቃል፣ እንባው ይወርዳል፣ አይጠርገውም። እኔም እጄ ላይ የዶሮው ክንፍ እንዳለ ቆሜ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ሥራው ለካ ይሄ ነበር።

ከዚያ አጠፋትና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ መጣ። ካናገረኝ መሰንበቱ ነው።

«ያልተነሣች መኪና ለሥላሴ አይሰጥም፣ ደሜ» አለኝ። «ያፍሩብን ነበር።»

ጥር 4

«ወረቀት አምጪና ጻፊ» አለኝ። ጨረታው ላይ እንዲነበብለት ነው። እያሰበ፣ እየሰረዘ፣ ግማሽ ቀን ፈጀንበት።

«የሚሸጥ። ፊያት፣ ላንድሮቨርና ሌላም ሌላም። ደብረ ብርሃን የተሠራች። ጣሪያዋ ተቆርጧል፣ ረጅም ሰው አይሞክራት። ኮፈንና ፓራፋንጎ የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትነሣም፣ አትሰደብ። ፍሬኗ ደህና ነው። የምትሸጥበት ምክንያት፤ ባለቤቷ ስለዳነ።»

የመጨረሻዋን ስጽፍ መስመሩ ተጠማመመብኝ።

«ስልክ ቁጥር ጨምሪ» አለ።

«የማንን?»

«ያንቺን። ስለሷ የሚደውል ሰው ቢመጣብኝ እኔ አልችልም።»

ጥር 7

በጣም ደክሞኛል፣ ግን ዛሬን ሳልጽፍ አላድርም።

እየነዳ ወሰዳት። እኔ በብርድ ልብሴ ወንበር ላይ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ ነጠላዬን በነፋሱ እንዳይወሰድብኝ ይዤ። ሰው ከመንገዱ ዳር ያጨበጭባል፤ ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ ይከተሉናል። ታርጋ የላትም። ትራፊኩ እጁን አንሥቶ አስቆመን። «ስለት ነች» አልኩት። ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ አማተበና አሳለፈን። ተስፋሚካኤል ዳገቷ ላይ ማርሽ ሲለውጥ «ሰማሻት?» ይለኛል። ሰማኋት። ያማረ ድምፅ ነው። ምነው መንገዱ በረዘመ ብዬ ተመኘሁ።

ማይኩን የያዙት የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ማስታወቂያውን ሲያነቡ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ባለቤቷ ስለዳነ» ላይ ሲደርሱ ግን እሳቸውም ቆም አሉ። ከዚያ እልልታው! አንድ ብርድ ልብስ ነጋዴ አሸነፈና «ለሥላሴ መልሻታለሁ» ብሎ እንደ ደንቡ መልሶ ለጨረታ ሰጣት። ሁለተኛው ዙር ላይ ለአንድ ባለ ሆቴል ወጣች። ከበሩ ፊት አትክልቱ መሃል ሊያቆማት ነው፤ ሙሽሮች ፎቶ እንዲነሡባት።

«አትነዳትም?» አለው ተስፋሚካኤል።

«ኧረ አባባ! ለውበት ነው እንጂ።»

ተስፋሚካኤል ቁልፉን ሰጠው። ቢሆንም እንዴት እንደምትነሣ አንድ በአንድ አስረዳው። ሰውየው ስልኩን እያየ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር። ባለቤቴ ግን አንዲት ነገር ሳያስቀር ነገረው።

በእግራችን ተመለስን።

ጥር 8

ጠዋት አልጋው ላይ አጣሁት። ስወጣ ዱካ መቀመጫውን አውጥቶ መኪናዋ በነበረችበት ቦታ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አስቀምጧቸዋል፤ ያለ ብሎን መፍቻ ሲታዩ የሌላ ሰው ይመስላሉ። ግቢው ሰፍቷል። ስፋቱን ጠላሁት።

«ተቀየምከኝ?» አልኩት።

«አይ።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«አልተቀየምኩሽም። አንድ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ።» መሬቱን በጫማው ጫር ጫር አደረገ። «አንቺ ብትታመሚ እኔ ምን እሳላለሁ? ዛሬ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ቤቱን አንድ በአንድ አየሁት። ላንቺ የሚበቃ ነገር የለንም።»

አጠገቡ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሁለታችንም አልተነሣንም።